አንቲባዮቲክ ላልጻፉልን ዶክተር ምስጋና

ልጃችን ቶንሲሉን ካስወጣ ወዲህ ማታ ማንኮራፋቱን ትቷል። ጉሮሮዬን አመመኝ የሚለው ነገርም ቀርቷል። ቀዶ ጥገናውን የሠሩለትን የአንገት በላይ ዶክተር እጃቸው ይባረክ። እኔን ይበልጥ ያስደሰተኝ ግን ከዚያ በኋላ ለእኛ የሰጡት ጊዜ ነው።

ወደ ቤት ስንወጣ የተጻፈልን ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን ብቻ ነበር። ባለቤቴ ወረቀቱን ገልብጦ አየና «አንቲባዮቲኩስ?» አላቸው። ብዙ ሐኪም እዚህ ጋ ፊቱን ይቋጥራል። እሳቸው ወንበር ስበው ተቀመጡ።

ነገሩ እንዲህ ነው አሉን። አፍ ውስጥ ድሮም ባክቴሪያ ሞልቷል፤ ቁስሉም ሳይሸፈን በራሱ ጊዜ ይድናል። ጥናቶቹ ሲገመገሙ ግን አንቲባዮቲክ የልጆቹን ህመም እንደሚያስታግስ ወይም መድማትን እንደሚከላከል የሚያሳምን ማስረጃ አልተገኘም። ተቅማጡ፣ ሽፍታውና አለርጂው ግን አለ። መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች ጣጣም አለ። የአሜሪካ የአንገት በላይ ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2019 ባሻሻለው መመሪያ፣ ቶንሲል ለሚያወጡ ልጆች እንዲሁ በልማድ አንቲባዮቲክ እንዳይታዘዝ በጥብቅ ይመክራል። አንዳንድ የልብ ችግር ያለባቸው ልጆች ጉዳያቸው ለብቻ ይታያል፤ ይህን የሚወስነው ሐኪማቸው ነው።

ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው ፎቶ አሳዩን። በመዳን ላይ ያለ የልጅ ጉሮሮ ነው፤ ግራና ቀኙ በነጭ ነገር ተሸፍኗል። «ይህን ስታዩ እንዳትደነግጡ። መግል አይደለም፣ ቁስሉ ሲድን የሚያበጀው ሽፋን ነው» አሉ።

ያቺ ፎቶ ናት ያዳነችን። ትንሽ ቆይቶ ልጁ አፉን ሲከፍት ልክ እንደዚያው ሆነ፤ ትንፋሹም አያስጠጋም። አክስቱ አይታ «ይሄማ አመርቅዟል!» ብላ ከቤቷ የተረፈ የአሞክሳሲሊን ሽሮፕ ይዛ መጣች። አሳቢነቷን እወድላታለሁ፤ ሽሮፑን ግን አልተቀበልናትም። የአፍ ሽታውም፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚመጣው ቀለል ያለ ትኩሳትም አስቀድሞ ተነግሮናል። ሳምንቱ ሊሞላ ሲል ደግሞ ጆሮዬን ብሎ አለቀሰ። ጉሮሮና ጆሮ የሚጋሩት ነርቭ ስላለ ነው፤ ጆሮው ጤነኛ ነው። ህመሙ በዚያ ሰሞን ተመልሶ ሊብስ እንደሚችልም ስለምናውቅ ማስታገሻውን በኪሎው ልክ፣ ሰዓቱን ሳናሳልፍ ሰጠነው። በነገራችን ላይ ኮዴይን ያለበት ማስታገሻ ቶንሲል ላወጣ ልጅ አይሰጥም። ትንፋሽ ሊያፍን ስለሚችል የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ አጥብቆ ያስጠነቅቃል።

አጥብቀው ያስያዙን ሁለት ነገር ነው። አንደኛው መጠጣት ነው። ምግብ ለጥቂት ቀን ቢቀንስ ችግር የለውም፤ ፈሳሽ ግን ቶሎ ቶሎ፣ ትንሽ ትንሽ። ሽንቱ ከቀነሰ ወይም ከጠቆረ ደውሉ አሉን። ሁለተኛው ደም ነው። ቀይ ደም ከአፉ ከወጣ ወይም ደም ካስታወከ ሌሊትም ቢሆን በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው፤ ይነጋል ብሎ መጠበቅ የለም። ከ5ኛው እስከ 10ኛው ቀን ሽፋኑ ሲረግፍ በተለይ ነቅቶ መጠበቅ ያስፈልጋል። እኔ የማላውቀው አንድ ምልክት ነበር፦ ልጁ ተኝቶ ቶሎ ቶሎ የሚውጥ ከሆነ ደም እየዋጠ ሊሆን ይችላል። ስንት ሌሊት በባትሪ ጉሮሮው ላይ አፍጥጬ እንዳደርኩ እኔ ነኝ የማውቀው! ደግነቱ አልደማም።

እንግዲህ ልጃችሁን የአንገት በላይ ሐኪም ማሳየት ካሰባችሁ እኚህን ዶክተር እጠቁማችኋለሁ። ስማቸውን ሳላስፈቅድ እዚህ መለጠፍ ስላልፈለግኩ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ። ወረፋቸው ረጅም ነው፤ እውነቱን ለመናገር ያሰለቻል። የሚረዝመውም ለሁሉም እንደዚያ ቁጭ ብለው ስለሚያስረዱ ነው። ጥያቄያችሁን ጽፋችሁ ሂዱ፤ ሳይመልሱ አይሸኟችሁም።