ግዙፉ ሳላማንደር፦ ወንዝ ውስጥ ሲኖርና ገንዳ ውስጥ ሲኖር

የጃፓኑ ግዙፍ ሳላማንደር (እንሽላሊት የሚመስል የእንቁራሪት ዘመድ) እስከ 1.5 ሜትር ይደርሳል፣ ሳንባ ቢኖረውም የሚተነፍሰው በዋናነት በቆዳው ስለሆነ ቀዝቃዛና ፈጣን ወንዝ ነው የሚመቸው። ወንዙ ላይ ቀን ቀን ድንጋይ ስር ተወሽቆ ይውላል፣ ሲመሽ ወጥቶ ያደባል፣ አይኑ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም ግን የውሃውን እንቅስቃሴ በቆዳው ያውቃል፣ አሳ ወይ ሸርጣን አጠገቡ ሲደርስ አፉን በርግዶ ከነውሃው ስቦ ያስገባዋል፣ በቃ አለቀ።

ገንዳ ውስጥም አመሉ ያው ነው፣ ግን ምግቡ አፉ ድረስ ስለሚመጣለት ብዙ የሚንከራተትበት ምክንያት የለውም (ጎብኚውም ድንጋይ መስሎት ያልፋል)።

እድሜ ላይ ገንዳው አያሳፍርም፣ አምስተርዳም የነበረው አንዱ በ1881 እ.ኤ.አ. እስኪሞት ከ50 አመት በላይ በሰው እጅ ኖሯል።

ትልቁ ልዩነት መራባት ላይ ነው። ወንዝ ላይ ክረምቱ መውጫ አካባቢ ጉልበተኛው ወንድ ዳር ላይ ያለ ጉድጓድ ይይዛል፣ ሴቶቹ መጥተው እንቁላል ይጥላሉ፣ ከዛ እሱ ሌሎች ወንዶችን እየነከሰ ያባርራል፣ በጭራው ለእንቁላሎቹ ንጹህ ውሃ ያራግባል፣ የተበላሸውን እንቁላል ደግሞ ሻጋታው ወደ ሌላው እንዳይዛመት ለቅሞ ይበላዋል፣ እንዲህ አይነት አባት የት ይገኛል! ገንዳ ውስጥ ይሄን ማየት ከባድ ነበር፣ ጃፓን ሂሮሺማ ያለው «አሳ» የሚባል የእንስሳት ማቆያ ነው በ1979 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳካለት፣ እሱም ሰው ሰራሽ ጎሬ አዘጋጅቶ ነው።

ለኔ ወንዙ ይበልጣል፣ ግን ሽቅብ ወደ መራቢያው ሲሄድ የኮንክሪት ግድብ የሚያግደው እዛው ወንዙ ላይ ነው።