ያስታመምንበትን ጊዜ ሲቪ ላይ እንጻፈው ወይስ እንተወው?

እናቱን ወይም አባቱን ሲያስታምም ቆይቶ ወደ ሥራ የሚመለስ ሰው ሲቪው ላይ ክፍተት ይታያል። ይናገረው ወይስ ዝም ይበል?

ክፍተቱ የጥቂት ወራት ከሆነ ዝም ማለቱ አይጎዳም። የሥራ ዘመኑን በዓመት ብቻ መጻፍ ይበቃል። የቤት ጉዳይ ደግሞ የግል ነው፤ የታማሚውን ሕመም ለማንም መዘርዘር የለብንም።

ከዓመት ሲያልፍ ግን ነገሩ ይለያል። ቀጣሪው ባዶውን ቦታ በራሱ ግምት ይሞላዋል። ተባሮ ይሆን? ሥራ ጠልቶ ይሆን? እዚህ ላይ እኔ መናገሩን እመርጣለሁ። አንድ መስመር በቂ ነው፦ «ከ2021 እስከ 2024፣ የቤተሰብ አባልን በሙሉ ጊዜ መንከባከብ»። ሰዎች የሥራ ልምዳቸውን የሚያሳዩበት ድረ ገጽ ሊንክድኢንም እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ከሥራ የራቁበትን ጊዜ የሚያስገቡበት ቦታ አለው፤ ማስታመም ከምክንያቶቹ አንዱ ሆኖ ተቀምጧል።

ደግሞስ ምን የሚያሳፍር ነገር አለው? አምስት ዓይነት መድኃኒት በየሰዓቱ የሰጠ፣ የሦስት ሐኪሞችን ቀጠሮ ያጣጣመ፣ ሌሊት ሙቀት እየለካ ደብተር ላይ የመዘገበ ሰው ሥራ ፈትቶ አልተቀመጠም። ለነርስነት ወይም ለደንበኞች አገልግሎት የሚያመለክት ይህን ዘርዘር ያድርገው። የሂሳብ ባለሙያ ግን በአንድ መስመር አልፎ በቅርቡ የወሰደውን ሥልጠና ቢያስቀድም ይሻለዋል።

ኢንተርቪው ላይ ቀጣሪውን የሚያሰጋው ያለፈው ሳይሆን የነገው መቅረት ነው። እውነት ከሆነ «አሁን የሚረዳን ሰው አለ፣ ሙሉ ሰዓት መሥራት እችላለሁ» ብሎ ወደ ሥራው ጉዳይ መመለስ ነው።