ስምንት ወር የተጠቀምኩበት ፕሪንተር፣ አንድ ሌሊት የተቀየረብኝ

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ አካባቢ ትንሽ ኮፒ ቤት አለችኝ። ይህን ፕሪንተር የገዛሁት ባለፈው ኅዳር ነው፤ ጥቁርና ነጭ ሌዘር። የኩባንያውን ስም ልተወው።

መጀመሪያ ጥሩውን ልናገር። ወረቀት አይነክስም። ፊትና ጀርባ ራሱ ያትማል። መብራት ሄዶ ሲመጣ (ጎንደር ላይ ይሄ ዜና አይደለም) ወዲያው ይነሳል። ተማሪዎች ከስልካቸው በዋይፋይ ይልኩለት ነበር። በጣም ከመውደዴ የተነሳ ሁለት ጓደኞቼን አስገዝቻቸዋለሁ፣ አሁን ሲያገኙኝ እንዴት እንደሚያዩኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

አብሮት የመጣው ቶነር (የሚያትምበት የቀለም ዱቄት) ጥር ላይ አለቀ። ኦሪጂናሉ እዚህ እንደልብ አይገኝም፣ ከአዲስ አበባ ሲመጣም ዋጋው አይቀመስም። ስለዚህ ሁላችንም እንደምናደርገው ኮፒውን፣ ሌላ ድርጅት አስመስሎ የሠራውን፣ ገዛሁ። አራት ወር ያለ ምንም ችግር ሠራ።

ግንቦት መጨረሻ ላይ አንድ ጠዋት ሱቄን ስከፍት፣ ማታ ሳትምበት ያመሸሁትን ያንኑ ቶነር «ኦሪጂናል አይደለም፣ ይቀይሩ» ይለኛል። አወጣሁት፣ ነቀነቅኩት፣ ቺፑን በላጲስ ጠረግኩት፣ መለስኩት። ወይ ፍንክች! አንድ ተመራቂ ደግሞ ፍላሹን ይዞ ከፊቴ ቆሟል። «ጋሼ፣ እስከ ስድስት ሰዓት ካላስገባሁ አለቀልኝ» ይላል። አምስት ኮፒ፣ ያውም ተጠርዞ። በባጃጅ ፒያሳ ወርጄ የሰው ሱቅ ውስጥ አሳተምኩለት። የዚያን ቀን ትርፌ ባጃጁ ላይ ቀረ።

መጀመሪያ ፕሪንተሩን የገጠመልኝ ልጅ ማታ መጥቶ አየው። ለካ ፕሪንተሩ ሌሊቱን በዋይፋይ ራሱን አፕዴት አድርጓል፤ አዲስ ሶፍትዌር አውርዶ ጭኗል። ካርትሬጁ (የቶነሩ መያዣ) ላይ ትንሽ ቺፕ አለች፤ ፕሪንተሩ እሷን እያነበበ ነው የሚሠራው። አዲሱ ሶፍትዌር የኩባንያው ያልሆነችውን ቺፕ እንዳይቀበል ተደርጓል። «ወደ ድሮው መልሰው» ስለው አይመለስም አለኝ። ማን ፈቀደለት ስለው ደግሞ ሳቀብኝ፤ «ስንገጥመው እስማማለሁ የሚለውን ነክተን የለ?» ነክተናል። ባንነካው ኖሮ መች ይሠራ ነበር?

ላሚቱን ሸጦልኝ ሌሊት እየመጣ የሚያልባት ሰው ማለት ይሄ ነው። ማሽኑ የእኔ፣ መብራቱ የእኔ፣ ኪራዩ የእኔ። ቢያንስ «ይህን ብትጭን ኮፒ ቶነርህ አይሠራም» ብሎ ቢጠይቀኝ ምን ነበረበት? እምቢ እንደምል ስለሚያውቅ ነው ያልጠየቀኝ።

አፕዴት አልጠላም። ኔትወርክ ላይ ያለ ማሽን ቀዳዳው ካልተደፈነ ሌባ ይገባበታል፣ ይሄ ይገባኛል። የሚያናድደኝ ቀዳዳ መድፈኛውንና የቶነር ቁልፉን አንድ ላይ ጠቅልለው መስጠታቸው ነው። ቁልፉን ፈርቼ አፕዴቱን ስዘጋ መድፈኛውም ቀረብኝ። አፕዴት የሚል ነገር ባየሁ ቁጥር ጣቴ «አጥፋ» ላይ ነው አሁን፣ እና ይህን ያስለመዱኝ እነሱው ናቸው።

የኔ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.አ.አ. በመስከረም 2016 አንዳንድ የኤችፒ ፕሪንተሮች በአንድ ቀን የሌላ ድርጅት ካርትሬጅ አንቀበልም ብለው ጩኸት ተነስቶ ነበር፤ ኩባንያውም እገዳውን የሚያነሳ ሶፍትዌር ለሚፈልጉ ለማውጣት ተገደደ። በ2020 የጣሊያን የውድድር ተቆጣጣሪ ስለ ካርትሬጅ ገደቡ ለገዢው በግልጽ አልነገራችሁም ብሎ 10 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣው። እዚያው ጣሊያን በ2018 አፕል 10 ሚሊዮን፣ ሳምሰንግ 5 ሚሊዮን ዩሮ ተቀጥተዋል፤ ስልክ በሚያንቀራፍፍ አፕዴት ሰበብ። ከጣሊያን ጋር ያለን የድሮ ሒሳብ ሌላ ነው፣ በዚህ ግን እጃቸው ይባረክ።

አሁን እንዴት ነኝ? ኦሪጂናሉን ቶነር ጥርሴን ነክሼ ገዛሁ። ዋይፋዩን አጥፍቼ በገመድ ከኮምፒውተር ጋር አሰርኩት። ተማሪዎቹ በቴሌግራም ይልኩልኛል፣ እኔ አወርዳለሁ፣ ከዚያ አትማለሁ፤ ሰልፉም ረዘመ። ማሽኑ እንደ ማሽን አሁንም ጎበዝ ነው፣ ዛሬ ግን ለማንም ግዛ አልልም። ከገዛችሁም ገና ከዋይፋይ ሳታገናኙት ሴቲንጉ ውስጥ ገብታችሁ አውቶማቲክ አፕዴቱን አጥፉት።

ካስገዛኋቸው ሁለት ጓደኞቼ የአንደኛው እስካሁን በኮፒ ቶነር ይሠራል። ሱቁ ውስጥ ዋይፋይ የለውም።