ሬሳን በቅዝቃዜ ማቆየት፦ አልኮር፣ ክራዮኒክስ ኢንስቲትዩት ወይስ ቱሞሮ ባዮስታሲስ?

ደብረ ብርሃን ዙሪያ ድቅል ላም ያለው ሰው ፈሳሽ ናይትሮጅንን ያውቀዋል። የማዳቀል ባለሙያው የታንኩን ክዳን ሲከፍት ነጭ ጭስ ይግተለተላል። የኮርማ ዘር ያለባትን ቀጭን ቱቦ አውጥቶ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ትንሽ ያቆያታል። ከዘጠኝ ወር በኋላ ጥጃ ይወለዳል። ክራዮኒክስም፣ ማለትም ወደፊት ሕክምና ያስነሳዋል በሚል ተስፋ ሟችን ማቀዝቀዝ፣ አስከሬኑን የሚያስቀምጠው በዚሁ ፈሳሽ ነው፣ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ። ግን እስካሁን ከዚያ የተነሳ አንድም ሰው የለም። ይህን ይዛችሁ ሥራውን የሚሠሩትን የሦስቱን ድርጅቶች ንጽጽር አንብቡ።

አልኮር አሪዞና ነው ያለው፣ የተመሠረተው በ1972 እ.ኤ.አ.። ሙሉ አካል ወደ 220,000 ዶላር፣ ጭንቅላት ብቻ 80,000 ዶላር ገደማ ያስከፍላል። አብዛኛው ሰው በሕይወት መድን ይከፍለዋል። ትልቁ ጥቅሙ አልጋ አጠገብ የሚጠብቅ ቡድን ያለው መሆኑ ነው። ሐኪም ሞቱን እንዳረጋገጠ ሰውነቱን በበረዶ ይሸፍናሉ፣ ደረቱን በማሽን ይጫናሉ፣ ደሙ እንዳይረጋ መድኃኒት ይሰጣሉ። ቀጥሎ ደሙን በፀረ በረዶ ፈሳሽ ይተኩታል። ውሃ በረዶ ሲሠራ ሴልን ስለሚቀድ፣ ሰውነቱ እንደ መስታወት እንዲጠጥር ነው የሚፈለገው።

ክራዮኒክስ ኢንስቲትዩት ሚሺጋን ነው። ሮበርት ኢቲንገር በ1976 ያቋቋመው ነው። ለዕድሜ ልክ አባል 28,000 ዶላር። በጣም ርካሽ ነው! ግን የሚጠብቀው ቡድን በዋጋው ውስጥ የለም፣ ለብቻው ይከፈልበታል። ፀረ በረዶውም የሚደርሰው ለጭንቅላት ነው። ሌላው አካል ያለ ፀረ በረዶ ይቀዘቅዛል።

ቱሞሮ ባዮስታሲስ በርሊን ሆኖ ማስቀመጫው ስዊዘርላንድ ነው። ሙሉ አካል 200,000 ዩሮ ገደማ። አውሮፓ ላላችሁ ቅርብ ነው፣ ግን ገና ወጣት ድርጅት ነው።

መብራት ቢጠፋስ? ችግር የለም፤ ታንኩ ኤሌክትሪክ አይፈልግም፣ ናይትሮጅን መሙላት ብቻ ነው። የሚያሰጋው ገንዘብ ነው። ካሊፎርኒያ ቻትስወርዝ ውስጥ የነበረ ማስቀመጫ ገንዘቡ ሲያልቅ ዘጠኝ አስከሬኖች ቀልጠው መበስበሳቸው በ1979 ታወቀ። በ1967 የቀዘቀዘው ጄምስ ቤድፎርድ ግን ዛሬም አልኮር አለ። ስለዚህ የጥበቃው ገንዘብ የት እንደተቀመጠ ጠይቁ።

የቀዘቀዘውን አሙቆ፣ ጉዳቱን ጠግኖ ማንሳቱስ? በ2023 የሚኒሶታ ተመራማሪዎች እስከ 100 ቀን በቅዝቃዜ ያቆዩትን የአይጥ ኩላሊት አሙቀው ተክለው ሠርቷል። ትልቅ እርምጃ ነው። የሰው አንጎል ግን ሌላ ነገር ነው፤ ኦክስጅን ሲያጣ ጉዳቱ በደቂቃዎች ይጀምራል፣ ፀረ በረዶው መርዝነት አለው፣ ቅዝቃዜውም ሥጋውን ይሰነጥቃል። ይህን ሁሉ በሞለኪውል ደረጃ ይጠግናል የሚባለው መሣሪያ ገና አልተሠራም።

አሜሪካ ሆናችሁ ቆርጣችሁ ከሆነ፣ እኔ ከክራዮኒክስ ኢንስቲትዩት ሙሉ አካል የአልኮርን ጭንቅላት እመርጣለሁ። ተስፋው ሁሉ አንጎል ላይ ነውና ለፈጣኑ ቡድን መክፈል ያዋጣል። መንዝ፣ አንኮበር ወይ ደብረ ብርሃን ለምትኖሩ ግን አትግዙ ነው የምለው። ቦሌ ለመድረስ ብቻ ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር አለ፤ ከዚያ ደግሞ ውቅያኖስ ማቋረጥ አለ። አንጎል ያን ያህል አይጠብቅም።

የምትፈርሙ ደግሞ ለትዳር ጓደኛችሁና ለእድራችሁ በጽሑፍ አሳውቁ፣ የነፍስ አባታችሁንም አማክሩ። ካልነገራችሁ ወገን ገንዘብ አዋጥቶ አስከሬናችሁን ወደ አገር ቤት ለመላክ ይሯሯጣል። ያኔ ቡድኑ የሚፈልጋቸው ሰዓታት ያልፋሉ።