የእናቴን የቅልጥም ቁስል ላከሙልን ነርስ ምስጋና

ከ3 ወራት በላይ አልድን ብሎ የቆየውን የእናቴን የቅልጥም ቁስል እስኪጠግግ ድረስ ላከሙልን የቁስል እንክብካቤ ነርስ በቤተሰባችን ስም ከፍ ያለ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ስማቸውን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለጠየቁኝ እዚህ ሲስተር እያልኩ እጠራቸዋለሁ።

እናቴ ሁለት ዙር አንቲባዮቲክ ብትጨርስም መግሉና ሽታው አልለቀቃትም ነበር። ቀድሞ ስትታከም በነበረበት ቦታ ቁስሉ በደረቅ ጎዝ ይታሸግ ስለነበር፣ ጎዙ በተቀየረ ቁጥር አዲስ የበቀለውን ሥጋ ይዞ እየተነሳ ያደማት ነበር። ሲስተር ጄል ከማድረጋቸው በፊት የሞተውን ሥጋ በጥንቃቄ አነሱ። ባክቴሪያዎች ባዮፊልም የሚባል ሙጫ መሰል ሽፋን ሠርተው በውስጡ ስለሚከለሉ፣ የሚዋጥ መድኃኒት በቀላሉ እንደማይደርስባቸው፣ ባልጸዳ ቁስል ላይ የተደረገ ጄልም ብዙ እንደማይፈይድ አስረዱን። ከዚያም የብር አዮን (ከብር ማዕድን የሚወጣ፣ ኤሌክትሪክ ሙላት ያለው ደቂቅ ቅንጣት) ያለበት ሃይድሮጄል አደረጉላት። አብዛኛው ክፍሉ ውሃ የሆነው ይህ ጄል ቁስሉ እንዳይደርቅ ሲጠብቅ፣ ቀስ እያለ የሚወጣው ብር ደግሞ የባክቴሪያውን የሴል ሽፋንም ኢንዛይሞቹንም (የሕይወት ሥራውን የሚያካሂዱለትን ፕሮቲኖች) በአንድነት ያጠቃል። በ3ኛው ቀን ፋሻው ሲፈታ እናቴ እንደ ልማዷ ጥርሷን ነክሳ ብትጠብቅም፣ ጄሉ ሸርተት ብሎ ስለተነሳ «አለቀ እንዴ?» ብላ ጠየቀች።

ይበልጥ ያከበርኳቸው ግን ከ2 ሳምንት በኋላ ነው። ቁስሉ ንጹህና ቀይ ሆኖ ሲያዩት ብሩን አቁመው ተራ ሃይድሮጄል ተኩለት፤ ብር ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ከቀጠለ አዲስ የሚያድጉትን ሴሎችም ሊያዘገይ ይችላልና። የቤት ማር ብቀባትስ ብዬ ስጠይቃቸውም ሳይስቁብኝ፣ ለቁስል የሚውለው ማር በጋማ ጨረር ከተሕዋስያን የጸዳ እንደሆነ፣ የምንበላው ግን ክሎስትሪዲየም የሚባል ባክቴሪያ ስፖር (ተኝቶ የሚቆይ ጠንካራ ቅርጹ) ሊኖርበት እንደሚችል ነገሩኝ።

በመጡ ቁጥር የመቅላቱን ዳርቻ በእስክሪብቶ ያሰምሩ ነበር። መቅላቱ መስመሩን ካለፈ ወይም ትኩሳት ከመጣ ጄሉን አምነን እንዳንቀመጥ፣ ኢንፌክሽኑ ወደ ውስጥ ሲዛመት አንቲባዮቲክ የግድ ስለሚሆን በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ እንድንሄድ አጥብቀው አሳስበውናል። ለእኔ የባለሙያነታቸው ትልቁ ማረጋገጫ ይኸው ነው።

እንዲህ ያለ ቁስል ያለበት ቤተሰብ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እሳቸውን አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። ስትሄዱ እስካሁን የተወሰዱትን መድኃኒቶች ዝርዝር ያዙ፤ ቁስሉን ከማየታቸው በፊት የሚጠይቁት እሱን ነው።