ተራራ ለሚወርድ ከባድ መኪና የትኛው የፍሬን ሸራ? ከ14 ወር በኋላ

ባለፈው ዓመት ነሐሴ ቤተሰቤን ይዤ ፓይክስ ፒክ ወጣሁ። ኮሎራዶ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ፤ አናቱ 4,300 ሜትር የሚደርስ ተራራ ነው። አስፋልቱ እስከ ጫፉ ይወስዳል። መውጣቱ ደስ ይላል። ስንወርድ ግን ባለቤቴ «ምንድን ነው እንዲህ የሚሸተው?» አለችኝ። የሚሸተው የእኔ ፍሬን ነበር።

ግሌን ኮቭ የሚባለው ቦታ ላይ የመንገዱ ሠራተኞች የሚወርዱትን መኪኖች የፍሬን ሙቀት ይለካሉ። አንዷ መለኪያዋን ወደ ፊት ጎማዬ አነጣጠረች። ቁጥሩን አየችና ወደ መኪና ማቆሚያው ጠቆመችን። ሞቋል፣ እስኪበርድ ቆዩ አለችን። ልጆቹ ወርደው ድንጋይ ሲለቅሙ እኔ ጎማው አጠገብ ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለት ኩርባዎች ላይ ፍሬን ስይዝ መኪናዋ እንደ ልማዷ አልያዘችም ነበር። ፔዳሉ ጠንካራ ነው፣ አይሰምጥም። መኪናዋ ግን ትሄዳለች። ከኋላዬ ሦስት ልጆች ተቀምጠዋል። ያን ስሜት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

መኪናዋ የ2016 ጂፕ ግራንድ ቼሮኪ ኤስአርቲ ናት። 6.4 ሊትር ቪ8 ሞተር፣ 475 የፈረስ ጉልበት። ባዶዋን ከ2,300 ኪሎ በላይ ትመዝናለች። ከፊት ስድስት ፒስተን ያለው የብሬምቦ ካሊፐር (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) እና 380 ሚሊ ሜትር ዲስክ አላት። ከኋላ ደግሞ አራት ፒስተንና 350 ሚሊ ሜትር ዲስክ። አብሯት የመጣው ሸራ ምንም እንከን አልወጣለትም፤ ጊዜው ደርሶ አለቀ። ስህተቱ የተፈጠረው እኔ ስቀይረው ነው። «አቧራ የለውም፣ ድምፅ የለውም» የተባለውን ርካሽ ሴራሚክ ሸራ ገዛሁ። ዋጋውን አየሁ፣ ቸርኬዬ ንጹህ ሆኖ እንደሚቆይ አሰብኩ፣ በቃ። ከተማ ውስጥ በእርግጥም ጥሩ ነበር። ጸጥ ያለ፣ ለስላሳ፣ ለሦስት ሳምንት ቸርኬ የማያቆሽሽ። ችግሩ እኔ ከተማ ውስጥ ብቻ አለመንዳቴ ነው።

በሳምንቱ አውሮራ ከተማ ያለ አንድ የአገራችን ሰው ጋራዥ ሄድኩ። በዕድሜ አባቴን የሚሆን መካኒክ ነው፣ ጋሼ ነው የምንለው። «ጋሼ፣ የትኛውን ማርካ ልግዛ?» አልኩት። የማርካውን ጥያቄ ትቶ «ልጄ፣ ይቺን መኪና የት የት ነው የምትነዳት? ማንን ጭነህ?» አለኝ። በወር ሁለት ሦስት ጊዜ ከቤተሰብ ጋር ተራራ እንደምወጣ፣ ሌላውን ቀን ሥራና ትምህርት ቤት እንደምመላለስ ነገርኩት። «እንግዲያው የምትገዛው ለቁልቁለቱ ነው። ከተማውን ማንኛውም ሸራ ይችለዋል» አለ።

ቤት ገብቼ ሒሳቡን ሠራሁት። ቤተሰብና ዕቃ ተጭኖባት መኪናዋ 2,600 ኪሎ ትሆናለች እንበል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ስትሄድ የያዘችው ጉልበት ወደ 1 ሚሊዮን ጁል ነው። ለማቆም ያን ሁሉ ወደ ሙቀት የሚቀይረው ሸራውና ዲስኩ ነው። አሁን ወደ ኢንተርስቴት 70 አውራ ጎዳና እንምጣ። ከአይዘንሃወር ዋሻ እስከ ጆርጅታውን ከፍታው 750 ሜትር ገደማ ይወርዳል። የዚያ ቁልቁለት ጉልበት ከ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 19 ጊዜ ሙሉ በሙሉ ከማቆም ጋር እኩል ነው። ከፊሉን ነፋሱና ሞተሩ ይወስዱታል። የተረፈው ሁሉ ግን ፍሬኑ ላይ ያርፋል፣ ያውም ለመቀዝቀዝ ፋታ ሳያገኝ።

ሸራ ሲሞቅ ምን እንደሚሆን ማወቅ ምርጫውን ያቀላል። ሸራ የብዙ ነገር ድብልቅ ነው። አንድ ላይ የሚይዘው እንደ ሙጫ ያለ ነገር አለ። ሙቀቱ ከአቅሙ ሲያልፍ ያ ሙጫ ይፈርሳል፣ ጋዝ ያወጣል፣ በሸራውና በዲስኩ መካከል የነበረው መያያዝ ይቀንሳል። ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ መኪናዋ የማትቆመው በዚህ ጊዜ ነው። ፔዳሉ ስፖንጅ ከሆነና ወደ ታች ከሰመጠ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ የፈላው የፍሬን ዘይቱ ነው። የሁለቱን ልዩነት በእግራችሁ ለዩት፤ የመጀመሪያውን ሸራ በመቀየር ታስተካክሉታላችሁ፣ ሁለተኛውን ዘይት በመቀየር።

የመረጥኩት ሰሚ ሜታሊክ የሚባለውን ዓይነት ነው። የብረት ቅንጣት ያለበት፣ ለከባድ መኪናና ለሚጎትት መኪና ተብሎ የተሠራ። ማርካውን እዚህ አልጽፍም። ምክንያት አለኝ፤ አንድ ማርካ ራሱ ከሰላማዊ የከተማ ሸራ እስከ ውድድር ሸራ ይሸጣል። ለምሳሌ ኢቢሲ የሚባለው የፍሬን ማርካ ሸራዎቹን በቀለም ነው የሚለየው፣ አረንጓዴው ሌላ ቢጫው ሌላ። «እገሌ ማርካ ጥሩ ነው» የሚል ምክር ስትሰሙ «የትኛው ሸራው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ካርቶኑን ብቻ አታንብቡ። ሸራው ጠርዝ ላይ የታተመ ጽሑፍ አለ። መጨረሻው አካባቢ ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደላት ታገኛላችሁ። የመጀመሪያው ሸራው በመደበኛ ሙቀት ምን ያህል እንደሚይዝ ይናገራል፣ ሁለተኛው ሲሞቅ። ኢ የሰበቃ መጠኑ ከ0.25 እስከ 0.35 ነው፣ ኤፍ ከ0.35 እስከ 0.45፣ ጂ ከ0.45 እስከ 0.55። የድሮው ሸራዬ ኤፍ ኢ ይላል። ማለትም ሲሞቅ እንደሚደክም ራሱ ላይ ተጽፎ ነበር! እኔ ግን አላየሁትም። አዲሱ ጂ ጂ ነው። ፊደሉን ብቻ አምናችሁ ግን አትግዙ። የሚለካው ከሸራው ከተቆረጠች አንድ ኢንች በአንድ ኢንች በምትሆን ቁራጭ ነው። ስለ ድምፅ፣ ስለ አቧራ፣ ስለ ዕድሜ የሚለው ነገር የለም። ሁለት ኤፍ ኤፍ ሸራዎች መንገድ ላይ የተለያየ ጠባይ ሊኖራቸው ይችላል።

እዚያው ጠርዝ ላይ ኤን የሚል ፊደል ካያችሁ ደግሞ መዳቡ ከ0.5 በመቶ በታች ነው ማለት ነው። ካሊፎርኒያና ዋሽንግተን በ2010 ያወጡት ሕግ ያመጣው ነገር ነው፤ የሸራ ብናኝ በዝናብ ታጥቦ ወንዝ ሲገባ መዳቡ ዓሣ ይጎዳል።

የውድድር ሸራስ? አስቤው ነበር። ጋሼ ከለከለኝ፣ ልክም ነበር። የውድድር ሸራ ካልሞቀ በደንብ አይዝም። ጥር ላይ፣ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ በሆነ ጠዋት፣ ከቤቴ ስወጣ የመጀመሪያው መስቀለኛ መንገድ ላይ ሸራዬ ቀዝቃዛ ነው። ልጆቹን ትምህርት ቤት የማደርሰው በዚያ ፍሬን ነው።

አንድ ነገር ሳልረሳ። ሴራሚክ ሸራና ካርቦን ሴራሚክ ዲስክ አንድ አይደሉም። እንደ ላምቦርጊኒ ኡሩስ ያሉ መኪኖች ዲስካቸው ራሱ ካርቦን ሴራሚክ ነው። የሚስማማው ለእሱ የተሠራ ሸራ ብቻ ነው። ስሙ ስለተመሳሰለ የተራ ዲስክ ሸራ ገዝታችሁ እንዳትገጥሙበት፤ ዲስኩ በጣም ውድ ነው።

ፊትና ኋላ አንድ ላይ ቀየርን። የፊቱን ብቻ ቀይሬ ብር ልቆጥብ ብል ጋሼ እምቢ አለ። ፊቱ አጥብቆ ኋላው ላልቶ የሚይዝ ከሆነ የመኪናዋ ሚዛን ይለወጣል። የፍሬን ዘይቱም ሙሉ በሙሉ ተቀየረ። ዶት 4 የሚባለው ደረጃ ነው። አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴልሺየስ አይፈላም። ከአየር እርጥበት እየጠጣ ሲያረጅ ግን ዝቅተኛው መስፈርት 155 ነው። ልዩነቱን እዩት! ጥሩ ሸራ ገጥሞ አሮጌ ዘይት መተው ሥራውን ግማሽ ላይ መተው ነው።

ቀጥሎ አዲሱን ሸራ ከዲስኩ ጋር ማለማመድ። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ ከዚያ ሸራው መጥፎ ነው ይላል። እሑድ ንጋት ላይ ከአውሮራ በስተምሥራቅ ባለ ባዶ መንገድ ሄድኩ። ከ60 ማይል ወደ 10 ማይል ጠንከር አድርጌ ፍሬን ያዝኩ፣ ፈጽሞ ሳልቆም እንደገና ፍጥነት ጨመርኩ። አሥር ጊዜ። ሽታ መጣ፣ ትንሽ ጭስም ነበር፤ አዲስ ሸራ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሞቅ ያለ ነገር ነው። ከዚያ ፍሬን ሳልነካ ሩብ ሰዓት ያህል ነዳሁ፣ እስኪበርድ። ዓላማው ከሸራው ስስ ሽፋን ወደ ዲስኩ እኩል እንዲተላለፍ ነው። ሽፋኑ ከተዛባ መሪው መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ብዙ ጊዜ «ዲስኩ ተጣመመ» የሚባለው ይኸው የተዛባ ሽፋን ነው።

አሁን 14 ወር ሆኖኛል፣ 17,000 ማይል ነድቻለሁ። ያየሁትን ልንገራችሁ።

አያያዙ የተለየ ነው። ከበፊቱ ቀለል አድርጌ ነው የምረግጠው። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ባለቤቴ ስትነዳ ሁላችንም ወደፊት ተወረወርን፣ እስክትለምደው። በብርድ ጠዋት የመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ረገጣዎች ትንሽ ሰነፍ ናቸው፣ ግን ያስተማምናሉ። ከዋሻው ወደ ጆርጅታውን ስንወርድ፣ የበረዶ መንሸራተቻ ሰዎች ሁሉ አንድ ላይ በሚመለሱበት እሑድ ማታ፣ ቆም ሄድ ቆም ሄድ እያልን፣ ፔዳሉ ከቁልቁለቱ አናት እስከ ግርጌው አንድ ዓይነት ነበር። የከፈልኩት ለዚህ ነው።

አቧራው አለ። ጥቁር ነው፣ ይጣበቃል። በየሳምንቱ ቸርኬ አጥባለሁ። ካላጠባችሁት ሁለት ሳምንት ውስጥ የቸርኬው ቀለም አይታይም። በዚህ ቅር የሚለው ሰው ይህን ሸራ አይግዛ፤ በየቀኑ ያናድደዋል።

ድምፅም አለው። ዝናብ ካደረ በኋላ፣ ጠዋት ከግቢ ስወጣ፣ በቀስታ ስይዝ ይጮኻል። ሁለት ሦስት ጊዜ ከያዝኩ በኋላ ይጠፋል። ስድስተኛው ወር ላይ ጩኸቱ ሲበዛ ጋሼ አውጥቶ ጀርባውንና ፒኖቹን አጸዳ፣ ሙቀት የሚችል ቅባት ቀባ። ከዚያ ወዲህ ቀንሷል፣ አልጠፋም።

ሸራው የሚያልቀው እኩል ነው። የፊቱ አዲስ ሳለ 10 ሚሊ ነበር፣ አሁን 6 ሚሊ ቀርቶታል፤ የውስጡም የውጪውም። የኋላው ትንሽ ፈጥኖ እያለቀ ነው። ዲስኩ ላይ ግን ስስ ጭረቶች አያለሁ። ጠንካራ ሸራ ዲስክ ይበላል፣ ይህን አውቃችሁ ግቡ። እኔ የሚቀጥለውን ዲስክ ዋጋ ከአሁኑ ወጪ ውስጥ ደምሬዋለሁ።

በዚህ ዓመት ሐምሌ ላይ ፓይክስ ፒክ ተመለስን። እውነቱን ልናገር፤ ግሌን ኮቭ ላይ አሳለፉን፣ ግን ያሳለፈን ሸራው አይደለም። ሸራ ሙቀት አይቀንስም። የሚሞቀውን ችሎ መያዙን ይቀጥላል እንጂ። ዲስኩን ያቀዘቀዘው ማርሹ ነው። በዚያኛው ዓመት መኪናዋን ዲ ላይ ትቼ በፍሬን ብቻ ነበር የወረድኩት። ዘንድሮ በእጅ ማርሽ ቀንሼ፣ ሁለተኛ ላይ አድርጌ፣ ሞተሩ ይዟት ወረድን። ፍሬን የነካሁት ኩርባ ሲመጣ ብቻ ነው፤ አጥብቄ እይዝና እለቃለሁ፣ አላሻሽም።

አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርድ ልጅ ሆኜ አብሬው ተቀምጫለሁ። «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» ይላል፣ ሁልጊዜ። አውቶማቲክ መኪና ስገዛ ያ ነገር ለእኔ የሚሆን አልመሰለኝም ነበር። ዘንድሮ ስንወርድ ለትልቁ ልጄ ይህንኑ ነገርኩት። በሚቀጥለው ዓመት መንጃ ፈቃድ ያወጣል።

ቁልቁለት ጨርሳችሁ መብራት ከያዛችሁ ደግሞ ፔዳሉን ረግጣችሁ አንድ ቦታ ላይ አትቁሙ። የጋለ ሸራ ዲስኩ ላይ አሻራውን ይተዋል። ከፊታችሁ ቦታ ካለ ቀስ እያላችሁ ተጠጉ። እኔ ይህን ማድረግ ከጀመርኩ ወዲህ መሪዬ ተንቀጥቅጦ አያውቅም።

ሴራሚኩን ማን ይግዛ? ከተማ ውስጥ ብቻ የሚነዳ፣ ሜዳ አገር የሚኖር፣ ጭነት የማይጎትት ሰው። ጥሩ ሴራሚክ ይግዛ እንጂ እንደ እኔ ሲሞቅ ኢ የሚሆነውን አይግዛ። ተራራ ለሚወርድ ግን መልሴ አንድ ነው።

ለሁለቱም የፊት ጎማዎች የሚሆነውን ሸራ 190 ዶላር ገደማ ነበር የገዛሁት። ባለፈው ወር ያንኑ ዓይነት ለፊትም ለኋላም ገዝቼ ጋራዥ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። የኋላው 3 ሚሊ ሲቀረው አራቱንም ጎማ እንቀይራለን። ጋሼ ቀጠሮውን ለመጋቢት ይዞልኛል።