የመንገድ አቧራን ለመለካት፦ ማጣሪያ መመዘን ወይስ የሌዘር ሴንሰር?

ካዛንቺስ ወይም ፒያሳ ተቆፍሮ ገና አስፋልት ያልለበሰ መንገድ ዳር ለአቧራ ልኬት ሁለት አማራጭ አለ።

በማጣሪያው ዘዴ ፓምፕ በደቂቃ 16.7 ሊትር አየር በ47 ሚሊሜትር ማጣሪያ ያሳልፋል። በ24 ሰዓት 24 ሜትር ኩብ ገደማ ነው፤ ማጣሪያው 2.4 ሚሊግራም ከጨመረ ውጤቱ በሜትር ኩብ 100 ማይክሮግራም ይሆናል (የዓለም ጤና ድርጅት የ2021 መመሪያ ለፒኤም10፣ ማለትም ስፋቱ ከ10 ማይክሮሜትር ለማይበልጥ ቅንጣት፣ የ24 ሰዓት ወሰን 45 ማይክሮግራም ነው)። ማጣሪያው አየር ከማሳለፉ በፊትና በኋላ ስለሚመዘን ከሁለቱም ምዘና በፊት ሙቀቱና እርጥበቱ በተረጋጋ ክፍል 24 ሰዓት ይቆይ፤ በወረንጦ እንጂ በጣት አይነካ። የአዲስ አበባ አየር በከፍታው የተነሳ ስስ ስለሆነ የፓምፑ ፍሰት እዚያው ቦታው ላይ ይስተካከል፤ ካልሆነ ትልልቁን ቅንጣት የሚለየው የአየር መግቢያ ይሳሳታል። መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል። የሠራበትን ጊዜ የሚመዘግብ ቆጣሪ ከሌለ በሙሉ 24 ሰዓት ይካፈልና አቧራው ከእውነቱ ያነሰ ይመስላል።

ርካሹ የሌዘር ሴንሰር በየሰከንዱ ስለሚያነብ ገልባጭ መኪና ሲያልፍ የሚነሳውን ለይቶ ያሳያል፤ ማጣሪያው ይህን አይችልም። ነገር ግን የመንገድ አቧራ አብዛኛው ሻካራ፣ ማለትም ትልልቅ ቅንጣት፣ ነው። የሴንሰሩ ትንሽ ማራገቢያ ከባዱን ቅንጣት በደንብ አትስብም፤ «ፒኤም10» ብሎ የሚያወጣው ቁጥርም በአብዛኛው ከደቃቁ ተነስቶ የተገመተ ስለሆነ እንዳለ አይታመንም። በክረምት ጠዋት ደግሞ እርጥበት ቅንጣቱን አሳብጦ ንባቡን ያንረዋል።

ለሪፖርት ማጣሪያው፣ የውሃ ቦቴው መቼ ይርጭ ለሚለው ሴንሰሩ። በጀት ከበቃ ሁለቱን በ2 ሜትር ከፍታ ጎን ለጎን አቁሞ የሴንሰሩን ንባብ በማጣሪያው ማረም ይቻላል፤ ማረሚያው ለበጋና ለክረምት ለየብቻ ይውጣ።